በርቀት ሰነድ ለማረጋገጥ ምን ዓይነት የፊርማ አገልግሎት ልያዝ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰነድ አረጋጋጭ ነኝ፣ በቪዲዮ መሥራት ልጀምር ነው። ተራ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አፕ አለኝ፣ ሰነዱን እልካለሁ፣ ደንበኛው ስልኩ ላይ ይፈርማል። አይበቃም እንዴ?

መላሽ 1፦ አይበቃም ወንድሜ። እሱ ሊንኩ በየትኛው ኢሜይል እንደተከፈተ ይነግርሃል እንጂ ማን እንደፈረመ አያይም። መታወቂያ የሚያጣራ፣ የቪዲዮ ጥሪውን ከነድምፁ ቀድቶ የሚያስቀምጥ፣ መዝገብም የሚይዝ ፈልግ።

መላሽ 2፦ ዲጂታል ሰርተፊኬቱንም (ፋይሉን የፈረምከው አንተ መሆንህን የሚያሳይ የኤሌክትሮኒክ መታወቂያ ነው) አትርሳ። የማኅተም ፎቶ ፒዲኤፍ ላይ መለጠፍ ዋጋ የለውም፣ ማንም ኮፒ ያደርገዋል። በሰርተፊኬት የተፈረመ ፋይል ግን አንድ ፊደል ቢነካ ሲከፈት ያስታውቃል። እኔ አንዴ የተፈረመውን ፕሪንት አድርጌ፣ መልሼ ስካን አድርጌ ላክሁት (ምን እንደነካኝ እንጃ)፣ ያ ሁሉ ጥበቃ ጠፍቶ ተራ ምስል ሆኖ ቀረ።

ጠያቂ፦ ወይ ጉድ! ቪዲዮውስ የት ይቀመጣል?

መላሽ 1፦ ሳትከፍል በፊት እሱን ጠይቅ። አገልግሎቱን ስታቆም ቪዲዮውንና መዝገቡን አውርደህ መውሰድ ካልቻልክ ተወው። ሕጉም በየአገሩ ይለያያል፣ ፈቃድ የሰጠህ አካል በርቀት መሥራትን ይፈቅድ እንደሆነ መጀመሪያ አጣራ።