ከባሕር ዳር ቁንዝላ በጣና ዳር በእግር፦ ግልገል ዓባይን እንዴት እንሻገር?

የማርቆሷ፦
እንደምን ናችሁ። እኔና ወንድሜ ከባሕር ዳር ተነስተን፣ በዘጌ አድርገን፣ የጣናን ዳር ይዘን እስከ ቁንዝላ በእግር ለመሄድ አስበናል። ድንኳን አለን። ዳገት አያሳስበኝም፤ ጮቄን ወጥቼዋለሁ። የሚያስፈራኝ ውሃው ነው። መጀመሪያ እንፍራንዝ፣ ቀጥሎ ግልገል ዓባይ አለ። አደይ አበባውንም እንድናይ መስከረም መጨረሻ ብንነሳ ብለን ነበር። ወንዞቹ በእግር ይገባባቸዋል? የምታውቁ ንገሩን።

ባለብስክሌቱ፦
እስከ ዘጌ ያለው አያስጨንቅም፤ መንገድ አለ። ዘጌ ላይ ግን አትቸኩሉ። በቡናው ጫካ ውስጥ ውስጡን ሂዱ፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሳትሳለሙ አትለፉ። ከዚያ ወዲያ ያለውን የአገሩ ሰው ይንገራችሁ።

የአቸፈር ልጅ፦
እህቴ፣ መስከረምን ተይው። ዝናቡ ሲያባራ ምድሩ የደረቀ ይመስላል። ጣና ግን በዓመቱ ከፍ ብሎ የሚሞላው በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ክረምቱን ሲገባ የከረመው ውሃ ገና አልወጣም። ዳር ዳሩ ረግረግ ነው። ጥምቀትን አክብራችሁ ብትነሱ ይሻላል።

ግልገል ዓባይን ግን በበጋም ቢሆን ወደ ሐይቁ በሚገባበት በኩል በእግር እሻገራለሁ እንዳትይ። ጣና ከሚገቡት ወንዞች ትልቁ እሱ ነው። ከላይ የጠረገውን አፈር አምጥቶ እዚያ ይጥለዋል፤ ታቹ ደለል ነው። ውሃው ጉልበት የማያልፍ መስሎሽ ስትገቢ ጭቃው እግርሽን ይዞ ያስቀርሻል። ዋና የሚችሉ የእኛ አገር ልጆችም እዚያ አይዳፈሩም። የአዲስ አበባው አስፋልት የሚሻገርበት ድልድይ ወተት ዓባይ ነው፤ ከሐይቁ በጣም ይርቃል።

ስለዚህ ታንኳ ያለው ሰው ፈልጉ። በጠዋት ተሻገሩ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል። የደንገል ታንኳ ከሆነ መጀመሪያ ተመልከቱት። የደረቀው ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፤ ውሃ የጠጣው ዝቅ ይላል። ዝቅ ያለውን ባለቤቱ ምንም አይልም ቢላችሁ እንኳ አትሳፈሩ። ሁለታችሁም ከነሻንጣችሁ ባንዴ አትውጡበት፤ ተራ በተራ ይሁን። ታንኳ ከጠፋ እዚያው አድራችሁ ጠብቁ። ቀን ቆጥራችሁ፣ እሁድ ቁንዝላ መድረስ አለብን ብላችሁ አትውጡ። ሰው ወንዝ የሚወስደው ሲቸኩል ነው።

ሌላም አለ። የዚህ ወንዝ ምንጭ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ነው። እናንተ ዘንድ ሰማዩ ጠርቶ እዚያ ሊዘንብ ይችላል። ውሃው ከደፈረሰ፣ ጭራሮና ቅጠል ይዞ ከመጣ፣ ትንሽ ወንዝም ቢሆን አትግቡ። በእግር የሚገባበትን ስትሻገሩ ዱላ ያዙ፤ ፊታችሁን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሩ። የሻንጣውን የወገብ ማሰሪያ ፍቱት፤ ብትወድቁ እሱ ይሂድ። በባዶ እግር አይሆንም፣ ኮንጎ ጫማ ይበቃል። ልብስና ስልክ በፌስታል ደህና አድርጋችሁ ቋጥሩ። ስንቁ በሶና ቆሎ ከሆነ አይከብዳችሁም።

ነርሷ፦
በጣና ዙሪያ ቢልሃርዚያ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ስትገቡ በቆዳ የሚገባ የትል በሽታ አለ። ሳር የበዛበት፣ የቆመ ውሃ ውስጥ ቆማችሁ አትታጠቡ፤ የግድ ከገባችሁ ወዲያው ሰውነታችሁን በደንብ አድርቁ። ከተመለሳችሁ ጥቂት ሳምንታት ቆይታችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው። የምትጠጡትን ውሃ አፍሉት።

የማርቆሷ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ወደ ጥር አዙረነዋል። ድንኳኑን ውሃው ዳር ብንተክል ችግር አለው?

የአቸፈር ልጅ፦
አዎ፣ አለው። ጉማሬ ሌሊት ሳር ሊግጥ ይወጣል፤ ሲመለስ ከውሃው ጋር መሃል ላይ ካገኛችሁ አይምራችሁም። የተረገጠ ሳርና ሰፊ ዱካ ካያችሁ ከዚያ ራቁ። ሳይመሽ ወደ መንደር ጠጋ በሉና «የእግዜር እንግዳ ነን» በሉ፤ ደጃቸው ላይ ድንኳን መትከያ አይከለክሏችሁም። የሰላሙንም ነገር ከመነሳታችሁ በፊትም፣ በየደረሳችሁበትም ጠይቁ። አትሂዱ ካሏችሁ ሳትከራከሩ ተመለሱ። ጥር ሲቃረብ እዚሁ ጻፊልኝ፤ የውሃውን ሁኔታ ከቤተሰብ ጠይቄ እነግርሻለሁ።