ጫት ካቆምኩ 3 ወር ሆነኝ፤ ብሩ ግን የት ገባ?

ባለባጃጁ፦
ሰላም ቤቶች። ባህር ዳር ባጃጅ ነው የምሠራው፣ ከአባይ ማዶ ወዲህና ወዲያ። 8 ዓመት ቅሜያለሁ። ከእሁድ በቀር ቀን አልዘለልኩም ማለት ይቻላል። ስተወው ለራሴ ያልኩት አንድ ነገር ነው፤ «ሌላው ይቅር፣ ብሩን አያለሁ»። ይኸው 3 ወር ሞላኝ፣ ብሩን አላየሁትም።

ሒሳቤ ይሄ ነው። ጫት የ200፣ ኦቾሎኒ የ40፣ ለስላሳ 45፣ ሲጋራ 5 ፍሬ በ15 ሒሳብ 75። በቀን 360 ብር። በሳምንት 6 ቀን፣ 13 ሳምንት፣ 78 ቀን። 28,080 ብር! ባንክ ያለኝ 3,400 ነው። ሌባ ቤቴ ገብቷል ወይስ እኔ ሒሳብ አልችልም?

ከፔዳ ጀርባ፦
ወንድምአለም፣ ሒሳብህ ልክ ነው ግን ጎዶሎ ነው። ጨብሲውን፣ ከቅሚያ በኋላ ምርቃናውን ለማብረድ የሚጠጣውን፣ የት ጣልከው? መርቅኖ ዝም ብሎ የሚተኛ አላየሁም። በሳምንት ሁለት ቀን ሦስት ሦስት ቢራ ብንል፣ አንዱን በ80 ብንይዘው፣ በሳምንት 480 ነው። በ13 ሳምንት 6,240። ድምሩ 34,320 ይመጣል።

ደግሞ ጫት ከሌላው ወጪ የሚለየው ነገር አለ። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ነገር ቅጠሉ ሲጠወልግ ይደክማል፣ በኮባ ጠቅልለው የሚሸጡትም እንዳይደርቅ ነው። ስለዚህ እንደ በርበሬ የዓመቱን አንዴ ገዝተህ አታስቀምጠውም፣ በየቀኑ ጥሬ ብር ይዘህ መሄድ አለብህ። ስታቆም ያ ብር በየቀኑ ኪስህ ውስጥ ይቀራል። ኪስ ውስጥ የቀረ ብር ደግሞ ታውቀዋለህ።

አንድ ልጠይቅህ፤ የተውከው ጫቱን ብቻ ነው ወይስ ጓደኞቹንም?

ዘንድሮም እኔው፦
እኔ ሁዳዴ ሲገባ አቆማለሁ። 55 ቀን ንክች አላደርግም። ያጠራቀምኩትን ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ በሁለት ሳምንት እጨርሰዋለሁ። ምክር የለኝም፣ ሰላም ልበል ብዬ ነው።

የሦስት ልጆች እናት፦
የኔም ባል ሲተው እንዳንተው «ብሩ የታለ» እያለ ሲያማርር ነበር። ወንድሜ፣ ብሩ አልጠፋም፣ ጓዳ ገብቷል። አንተ በርጫ ላይ ስትቀመጥ ባለቤትህ ዘይት በላስቲክ እያስቀዳች፣ ሽንኩርት በፍሬ እየቆጠረች፣ ሲብስባት ከሱቅ በዱቤ እየወሰደች ነበር ቤቱን ያቆመችው። አሁን እጇ ላይ ትንሽ ሲተርፍ 5 ሊትሩን ጄሪካን ገዛች፣ ዕዳዋን ከፈለች። ሰሞኑን ወጡ ጣፍጦሃል? እሱ ነው ብርህ። ሂድና የዱቤ ደብተሩን አሳይኝ በላት፣ ግን እንደ ፖሊስ አይደለም፣ በፍቅር።

ባለባጃጁ፦
ማታ ጠየቅኋት። መጀመሪያ ሳቀችብኝ። ከዚያ ከሳጥን ስር ደብተሩን አወጣችው። ልባሱ የተገነጠለ፣ ዳር ዳሩ ዘይት የጠጣ ደብተር ነው። እኔ በምቅምበት ጊዜ ዱቤው 4,700 ብር ደርሶ ነበር፣ እኔ ከነመኖሩም አላውቅ! ባለሱቁ በቀይ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች ሰርዞታል። ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች ንጹህ ናቸው። የልጄም የትምህርት ቤት ክፍያ ውዝፍ ነበረበት፣ ተከፍሏል። ጤፍ ግማሽ ኩንታል አንዴ ተገዝቷል። ዘይቱን ምኑን ስንደምረው 23 ሺህ ገደማ መጣ።

የቀረውን ደግሞ እኔው ነኝ። ጨብሲውን አልተውኩትም፣ ስሙን ነው የቀየርኩት። ሀራራው ሲጠናብኝ ማታ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ቁጭ ብዬ «አንድ ድራፍት ምን አላት» እያልኩ ሁለት እጠጣለሁ። በ50 ብር፣ 78 ማታ፣ 7,800 ብር። ሌባው ተያዘ።

ጣና ዳር፦
እቁብ ግባ። እኛ 20 ነን፣ ግማሹ ባጃጅ ነጂ ነው። በቀን 300 እንጥላለን፣ ዕጣ በየ10 ቀኑ ይወጣል፣ የደረሰው 60 ሺህ ይወስዳል። በ200 ቀን ያልቃል። ባንክ ቢያንስ 7 በመቶ ወለድ ይሰጣል፣ እቁብ ሳንቲም አይጨምርልህም፣ አውቃለሁ። ግን ባንክ ባጃጅህ ድረስ መጥቶ «የዛሬው የታል?» አይልህም። የኛ ሰብሳቢ ይልሃል፣ ያውም ሰው ፊት። እኔ የምሰጠው ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ላይ ነው፣ ድሮ እግሬ ወደ ጫት ቤት የሚሄድበት ሰዓት ስለሆነ። የመጀመሪያው ሳምንት ዱካኩ፣ ጫት ሲቀር በእንቅልፍ የሚመጣው ቅዠት፣ አሰቃይቶኝ ነበር፣ በኋላ ለቀቀኝ። ዋስ ብቻ ይዘህ ና።

ባለባጃጁ፦
300 ትከብደኛለች፣ የ200 ካላችሁ እገባለሁ። ግን ዋስ ማንን ላምጣ? የማውቀው ሰው ሁሉ ቃሚ ነው።

የሦስት ልጆች እናት፦
ባለሱቁ አለልህ አይደል እንዴ። 4,700 ብሩን የከፈላችሁት።