የዕቅድ ውይይት፦ ለሀዋሳ ልጆች የአንድ ቀን መድረክ ሳይሆን በሳምንት ሁለት ሰዓት እንጠይቅ

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ሰነበታችሁ።

ማኅበራችን ለልጆች የጥበብ ሥራ ገንዘብ ለመጠየቅ ባዘጋጀው ፕሮፖዛል የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ የሰጣችሁትን አስተያየት በሙሉ አነበብኩ። ግማሾቻችን የምናስበው ስለ ፌስቲቫል ነው፣ ግማሾቻችን ስለ ማስተማር። ሁለቱን አንድ ፕሮፖዛል ውስጥ ካጨቅናቸው ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ከልምድ እናውቃለን። ወደ መድረክ፣ ወደ ስፒከር ኪራይ፣ ወደ ባነርና ቲሸርት። ስለዚህ የኔን ሐሳብ በግልጽ ላስቀምጥ፣ እናንተም በግልጽ መልሱልኝ።

ፌስቲቫሉን እናውጣው። በምትኩ በ3 ትምህርት ቤቶች፣ በሳምንት 2 ሰዓት፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት የሚቆይ የጥበብ ክበብ እንጠይቅ። አስተማሪው የሚከፈለው ይሁን።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት የሥዕል ውድድር ስናዘጋጅ ወረቀት ከሚያድሉት አንዷ ነበርኩ። አንዲት የ6ኛ ክፍል ልጅ የሐይቁን ዳር የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደልን፣ ሣለች። ዓሣ አስጋሪው ቁጢጥ ብሎ ዓሣ ያጸዳል፣ አባ ኮዳው አጠገቡ ቆሞ ይጠብቃል። የነበራት አንድ እርሳስና የተቆረጠ ፍሊፕቻርት ብቻ ነው። ወፉን በሙሉ አጥቁራው እግሩን ግን እንዳለ ትታዋለች። «ጊዜ አጠረሽ እንዴ?» አልኳት። «አይ፣ እግሩ ነጭ ነው። ኩሱን እግሩ ላይ ስለሚጥል» አለችኝ። እሁድ ሄጄ አየሁ። እውነቷን ነው። ስንት ዓመት እዚያ ዓሣ ስበላ አስተውዬው አላውቅም ነበር። ያቺ ልጅ የተሳትፎ ሰርተፍኬት ተሰጣትና ወደ ቤቷ ሄደች፣ ከዚያ በኋላ ከማኅበራችን የጠየቃት ሰው የለም። በቀደም እናቷን ገበያ አገኘኋት። አሁንም ደብተሯ ጀርባ ላይ እየሣለች ቁጣ እንደምትቀበል ነገረችኝ። ይሄ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ፈልገን አገኘናት፣ ከዚያ ጣልናት።

በወረቀት ደረጃ ጥበብ ትምህርት ቤት ውስጥ አለ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «የክወናና የእይታ ጥበባት» የሚባል ትምህርት እስከ 8ኛ ክፍል ይሰጣል፤ ሙዚቃ፣ ውዝዋዜ፣ ቴአትር፣ ሥዕል። መጽሐፉ አለ፣ ክፍለ ጊዜውም አለ። ግን ብዙ ቦታ ክፍለ ጊዜ የጎደለው የሌላ ትምህርት መምህር ነው የሚሰጠው፣ እሱም ምን ያድርግ፣ ክራር ይዞ አያውቅም። 9ኛ ሲገቡ ደግሞ ይቆማል። ልጁ የሚናገረው ነገር ማግኘት በሚጀምርበት ዕድሜ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው በር አዲስ አበባ ነው፣ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወይም ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት። ሁለቱም በተግባር ፈትነው ነው የሚቀበሉት። የኛ ልጅ ምን ይዞ 275 ኪሎ ሜትር ይሄዳል? የሠራቸውን አሰባስቦ የሚያሳይበት የሥራ ማኅደር የሌለው ልጅ እኮ ነው።

እስቲ በሉ።

የሥዕል መምህሩ፦

እኅቴ፣ በሐሳቡ መቶ በመቶ እስማማለሁ። ግን ፈረቃውን ረሳሽው። እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት ነው የሚማረው። ጥሩ ጎኑ፣ እያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ቀን ነፃ ነው። መጥፎ ጎኑ፣ ልጁ ነፃ በሚሆንበት ሰዓት ክፍሉ ነፃ አይደለም። ስለዚህ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ክበብ አይበቃም፣ ለየፈረቃው አንድ አንድ ያስፈልጋል። ቦታው ደግሞ ከአሁኑ በጽሑፍ ይረጋገጥ። ቤተ መጻሕፍት ይሁን፣ ከዛፍ ሥር ይሁን፣ የክፍለ ከተማው ወጣት ማዕከል ይሁን ግድ የለኝም። «ርዕሰ መምህሩ ቃል ገብተውልናል» ብለን እንዳንጽፍ ብቻ። ርዕሰ መምህር ይቀየራል። የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ (ወተመህ) ፈርሞ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይሁን።

ስለ ዕቃ አንድ ነገር ልጨምር። ረቂቁ ላይ አክሪሊክና ሸራ አይቻለሁ። ለጀማሪ አያስፈልግም። ማኒላ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ውሃ ቀለም፣ ከሰል። ለቅርጻ ቅርጽ ጭቃ አለን፣ ቃጫ አለን። እንሰት ያለበት አገር ተቀምጠን ለልጅ ፕላስቲሊን ከሱቅ ስንገዛ ያሳዝነኛል። ቃጫ ይጎነጎናል፣ ይቋጠራል፣ ቀለም ይይዛል። ቀርከሃም ከደጋው ይመጣል። ከልብስ ሰፊዎች የሚወድቀውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ብንለምን ደግሞ የአሻንጉሊት ቴአትር ከነልብሱ ይወጣዋል።

ክራር የሚያስተምረው አባል፦

እኔም ከዕቃው ልጀምር። ኪቦርድ የሚለውን አውጡልኝ። አንድ ኪቦርድ መጥቶ አንድ ልጅ ይነካል፣ ሃያ አራቱ ቆመው ያያሉ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ እሱም ያቆማል። ክራር ግን ልጆቹ ራሳቸው ሊሠሩት ይችላሉ። ገበቴውን ይፈልጋሉ፣ ቆዳ ይወጥራሉ፣ አውታር ይስባሉ። የሠራውን ክራር ልጅ አይሰብረውም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፣ አራቱን ቅኝት በአንድ ዓመት ባይጨርሱም ትዝታን ለይተው የሚሰሙ ልጆች አወጣለሁ። ይሄን ቃል እገባለሁ።

ጋሼ፣ የቦርድ አባል፦

ልጆቼ፣ የጻፋችሁትን አነበብኩ። ጥሩ ነው። ነገር ግን መድረክን እንዲህ በቀላሉ አትጣሉት። ልጅ ብቻውን ክፍል ውስጥ አይዘፍንም፣ ለሚያየው ሰው ነው የሚዘፍነው። የሲዳማን የዘመን መለወጫ በዓል፣ ፊቼ ጫምባላላን አስቡ። በ2015 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ዩኔስኮ የማይዳሰስ የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው እኮ ሕንፃ ሆኖ አይደለም። ሰው ተሰብስቦ የሚያደርገው ነገር ስለሆነ ነው። ልጆች «አይዴ ጫምባላላ» እያሉ ከቤት ቤት ሲዞሩ ማን አስተማራቸው? ታላላቆቻቸውን አይተው ነው። ቄጣላውን፣ የበዓሉን ጭፈራ፣ በዓሉ በሚከበርበት ጉዱማሌ ላይ ቆመው ያዩታል፣ በሚቀጥለው ዓመት ውስጡ ይገባሉ። ትምህርት ቤቱ እሱ ነው። እናንተ በሳምንት 2 ሰዓት ስትሉ ይሄን እንዳታጡት እፈራለሁ።

መልስ ለጋሼ፦

ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ትናንት ማታ ደጋግሜ አሰብኩበት። ስሕተቴ መድረክን ከባነርና ከቲሸርት ጋር አንድ አድርጌ ማየቴ ነው። ልጆቹ ተመልካች ያስፈልጋቸዋል። ግን ትልቅ መድረክ መሆን የለበትም። እንዲህ ብናደርገውስ፤ በየወሩ መጨረሻ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ለ10 ደቂቃ፣ በሚኒ ሚዲያው ማይክ፣ ክበቡ የሠራውን ያሳያል። ሰኔ ላይ በወላጆች ቀን ሙሉው ይቀርባል። ኪራይ የለው፣ ድንኳን የለው። ወላጅ የሚመጣው ልጁን ለማየት ነው፣ ለማንም እንግዳ ብሎ አይመጣም።

ስለ ፊቼ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ቀኑን አያንቶዎች፣ ሰማይ አንባቢዎቹ አባቶች፣ ከዋክብትን አይተው ስለሚያውጁት በዕቅድ ሰንጠረዡ ላይ ቀን ቆርጠን መጻፍ አንችልም። ስለዚህ ከበዓሉ በፊት ሁለት ሳምንት ክበቡ ውስጥ አዛውንቶች መጥተው እንዲያስተምሩ «ቀኑ እንደታወቀ» ብለን እንጻፈው። እርስዎ የሚያውቋቸውን አባቶችና እናቶች ቢያናግሩልን። የትራንስፖርትና የውሎ አበላቸው በጀቱ ላይ ይገባል፣ በነፃ አናስደክማቸውም። ትምህርቱም በሲዳምኛም በአማርኛም ይሁን፣ ልጆቹ ሰፈር ውስጥ ሁለቱንም እየቀላቀሉ ነው የሚያወሩት።

ጋሼ፣ የቦርድ አባል፦

ይሄ ይሻላል። አናግራቸዋለሁ።

ገንዘብ ያዥዋ፦

ቁጥሩን ላስቀምጥ፣ ካልሆነ ውይይቱ አያልቅም። 3 ትምህርት ቤት፣ በየትምህርት ቤቱ 2 ፈረቃ፣ በየክበቡ 25 ልጅ። 150 ልጅ ሆነ። የፈተናና የሴሚስተር ዕረፍት ሲወጣ 30 ሳምንት ይቀረናል። ለአንድ ልጅ 60 ሰዓት ማለት ነው። የማስተማሪያ ሰዓቱ በጠቅላላ 360 ነው። ዋናው ወጪያችን ይሄ 360 ሰዓት መሆን አለበት፣ ገንዘብ የሚሰጠን ሰው ሰንጠረዡን ገልጦ በመጀመሪያ ዓይኑ እሱ ላይ ይረፍ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ለአስተዳደር ወጪ ያስቀመጠው ጣሪያ 20 በመቶ ነው። እኛ ግን ከዚያ በታች እንግባ። ቢሮ አለን፣ ወንበር አለን።

ለዕቃው ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ አምጡልኝ፣ በግምት የተጻፈ ዋጋ አልቀበልም። ትምህርት ቤቶቹ የሚሰጡትን ክፍል፣ መብራትና ጥበቃ ደግሞ «የማኅበረሰቡ አስተዋፅኦ» ብለን በዓይነት እንመዝግበው። ጊዜም ተጠንቀቁ። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ነው የሚጀምረው። ከከተማው ትምህርት መምሪያ የምንፈልገው ነገር ካለ ሰኔ ላይ ብንሄድ ረፍዷል። የካቲት ሳያልቅ እጃቸው ይግባ።

የወጣቶች ተወካይ፦

ትምህርት ቤት የማይሄዱትስ? የኔ ሰፈር ውስጥ አንድ ግቢ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ሴቶች ሦስት አራት ሆነው ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። አብዛኞቹ የኔ እኩያ ናቸው። ማታ ልብስ እያጠቡ ሲዘፍኑ ስሟቸው። አንዷ ግጥም ትጽፋለች፣ ስልኳ ላይ ነው ያለው፣ ለማንም አሳይታ አታውቅም፣ እኔን ራሱ ስንት ለምኛት ነው። የነሱ ዕረፍት እሁድ ብቻ ነው። ፕሮፖዛሉ ላይ «ማኅበረሰብ» የሚል ቃል ጽፈናል፣ ታዲያ እነሱ ካልገቡበት ማን ነው ማኅበረሰቡ?

መልስ፦

ይግቡ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ የእሁድ ቡድን፣ ግጥምና ድራማ። ቦታውን ከሰፈራቸው እንዳይርቅ አድርገን እንፈልግ፣ ማታ ብቻቸውን የሚመለሱበት እንዳይሆን። አንቺ አስተባባሪ ሁኚ። ገንዘብ ያዣችን፣ ለዚህ 60 ሰዓት ጨምሪልን፣ 420 ይሆናል። የተማሪዎቹ ቁጥር አይቀነስ።

የሥዕል መምህሩ፦

አንድ ነገር ሳልረሳ። ባለፈው የልጆቹን ሥዕል ካላንደር ላይ እናትም ያለ ሰው ነበር። የቅጅ መብት አዋጅ 410/1996 የሣለውን ሰው ነው ባለቤት የሚያደርገው፣ ልጅ ስለሆነ አይቀርበትም። ወላጅ በጽሑፍ ሳይፈቅድ አንድም ሥዕል እንዳይታተም፣ ስሙም እንዲጻፍ፣ ከተሸጠም ገንዘቡ ለልጁ እንዲሆን የሚል አንቀጽ ይግባ። ፎቶም እንደዚያው። ዋናውን ሥዕል ልጁ ዓመቱ ሲያልቅ ይዞት ይሂድ። ያ ነው የሥራ ማኅደሩ።

መልስ፦

ገብቷል፣ ቃል በቃል። እንግዲህ የዓላማውን አንቀጽ እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት፣ የምታርሙት ካለ እስከ ሐሙስ ማታ።

«በሀዋሳ ከተማ በ3 ትምህርት ቤቶች ከ6ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ለሚማሩ 150 ልጆችና ለአንድ የእሁድ የወጣት ሠራተኞች ቡድን፣ ለ30 ሳምንታት፣ በሳምንት 2 ሰዓት፣ በሙያው በሠለጠነ አስተማሪ ሥዕል፣ ሙዚቃና ድራማ ማስተማር። ሥራቸውን በየወሩ ለትምህርት ቤታቸው፣ በዓመቱ መጨረሻ ለወላጆቻቸው ያቀርባሉ።»

የቀረው የሦስቱ ትምህርት ቤቶች ምርጫ ነው። የኔ ሐሳብ ሦስቱም መሀል ከተማ እንዳይሆኑ ነው። አንዱ ታቦር፣ አንዱ ከሀይቅ ዳር በኩል፣ አንዱ ሀዌላ ቱላ ይሁን፣ ሩቅ ቢሆንም። ቱላ ለመሄድ ትራንስፖርቱን የማይሰለቸው አስተማሪ ካለ ከአሁኑ ይንገረኝ። ፕሮፎርማውን መምህር ያመጣሉ፣ የወተመህ ደብዳቤዎቹን እኔ እሯሯጣለሁ። ቅዳሜ 8 ሰዓት ቢሮ እንገናኝ። ያቺን የ6ኛ ክፍል ልጅ፣ አሁን 7ኛ ናት፣ ከእናቷ ጋር እንድትመጣ ጋብዣታለሁ። ወረቀትና ከሰል የሚያመጣላት ሰው ይኑር።