ሰኔ ሳይገባ ምን እናዘጋጅ? ከቀሃ ወንዝ ዳር የቀረበ ጥያቄ

ጥያቄ (እናት ከቀሃ ዳር)

ሰላም ናችሁ የጎንደር ልጆች። ከቀሃ ወንዝ ብዙም ሳንርቅ ተከራይተን ነው የምንኖረው። አንድ ክፍል ናት፤ ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ክዳን። እኔ፣ የ9 እና የ4 ዓመት ልጆቼ፣ እናቴም አለች። እናቴ ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። ጉልበቷ ስለደከመ ያለ ሰው ድጋፍ አትራመድም።

አምና ነሐሴ ላይ፣ ሌሊት፣ ውሃ በበሩ ሥር ገባ። ቁርጭምጭሚት ቢደርስ ነው። መብራት ጠፋ። ልጆቹን አልጋ ላይ አውጥቼ እናቴን ደግፌ ወደ ግቢው በር ስደርስ ተቆልፏል። ቁልፉ አከራያችን ጋ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የኔን ጩኸት ማን ይስማ! ውሃው ራሱ ጎደለ፣ ተመስገን። ያቺ በር ላይ የቆምኩባት ጊዜ ግን እስካሁን ከሆዴ አልወጣችም።

ብዙ ገንዘብ የለኝም። ከምን ልጀምር?

መልስ (የእድር ጸሐፊ)

እታለም፣ እንኳን ተረፋችሁ። ከሁሉ በፊት የቁልፉን ነገር ጨርሺ። ምግብም ባትሪም ከዚያ በኋላ ይደርሳል። እሳት ቢነሳ እኮ እንደ ውሃው ቆሞ አይጠብቅሽም።

እኛ ግቢ ስድስት አባወራ ነን። አዋጥተን ቁልፉን አስቀረጽን፤ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ደረሰ። ከበሩ ጀርባ ምስማር መታን። ቁልፉ እዚያ ይንጠለጠላል፣ ባትሪው ከጎኑ። ከዚያች ምስማር ላይ ማንም ለሌላ ጉዳይ አያነሳውም። አከራይሽን ብቻሽን አትጠይቂያቸው፤ ሁለት ጎረቤት ይዘሽ ሂጂ። «ጋሼ፣ ለእርስዎም ቤት ነው» በያቸው። መስኮትሽ የፌሮ ብረት ካለው፣ ከውስጥ የሚከፈት ማጠፊያ እንዲሠራለት አብረሽ ጠይቂ። ለበያጅ ቀላል ሥራ ነው።

ሌላው፣ እናትሽንም ሁለቱን ልጆችም ብቻሽን ማውጣት አትችዪም። አትችዪም! ስለዚህ ከአሁኑ አንድ ጉልበት ያለው የጎረቤት ልጅ «እማማን የማወጣው እኔ ነኝ» ብሎ ይያዝ። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ተለማመዱት። ወንበር ላይ አስቀምጦ ለሁለት መሸከም ከትከሻ ይሻላል።

መልስ (ኤሌክትሪክ ሠራተኛ)

ውሃ ወደ ቤት ሊገባ ሲል ብሬከሩን አውርዱት። ከገባ በኋላ ግን እርጥብ እግር ይዘሽ ቆጣሪ እንዳትነኪ። ማከፋፈያውን ዛሬውኑ ከወለል አንስተሽ ግድግዳ ላይ አሰቅዪው። እንጀራ ስትጋግሪ የምጣዱን ገመድ ዳብሺው፤ የሚግል ከሆነ ገመዱ ቀጥኖበታልና ይቀየር። ኤሌክትሪክ ያስነሳው እሳት ላይ ውሃ አይደፋም፤ መብራቱን ማጥፋት ይቀድማል። ድስት ውስጥ ዘይት ከተቀጣጠለ ደግሞ ክዳኑን ድፊበት እንጂ በውሃ እንዳትሞክሪው።

መልስ (ነርስ፣ ከማራኪ ሰፈር)

ስለ እናትሽ ልንገርሽ። የተከፈተ ኢንሱሊን፣ አብዛኛው ዓይነት፣ ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ካልበለጠ ከፍሪጅ ውጭ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። መብራት ጠፋ ብለሽ አትጣዪው፤ በረዶ የሠራውን ግን አትጠቀሚበት። በፌስታል ጠቅልለሽ እርጥብ ጨርቅ የለበሰ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ብታስቀምጪው ቀዝቀዝ ይላል። መርፌዎቿንና የሐኪም ወረቀቷን አንድ ላይ አድርጊ። ስኳር ወይም ከረሜላ ጨምሪበት፤ በሩጫና በድንጋጤ ምግብ ሳትበላ ከቆየች ስኳሯ ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ካየሽ ቶሎ ስጪያት። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም አታድርጊ፣ ወደ ሕክምና ውሰጃት።

ለመጠጥና ለምግብ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ያዢ። ለአራት ሰው ለሦስት ቀን 36 ሊትር ነው፤ ባለ 20ው ጀሪካን ሁለት። ጎርፍ የነካውን ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ሙቀቱ ግን ያነሰ ነው። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ማፍላት ካልተቻለ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ከመድኃኒት ቤት ግዢና ላዩ ላይ እንደተጻፈው ተጠቀሚ።

አንድ ነገር አደራ፦ መብራት ሲጠፋና ሲበርድ የከሰል ምድጃ አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ እንዳትተኙ። ፍም ሆኗል፣ አይጨስም ማለት መርዝ የለውም ማለት አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም።

ተጨማሪ ጥያቄ (እናት ከቀሃ ዳር)

እግዜር ይስጥልኝ። እህቴ ከወንዙ ማዶ ናት፣ ቤቷ ከፍ ያለ ቦታ ነው። ሲብስ ወደ እሷ ብንሻገርስ?

መልስ (የእድር ሊቀመንበር)

ልጄ፣ ወንዝ ሞልቶ አትሻገሪ! እዚሁ በእናንተው በኩል ከፍታ ፈልጊ። ቀሃን በጥር የፋሲል ገንዳን ሲሞላ ስለምናየው የዋህ ይመስለናል። የሚሮጥ ውሃ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን ትልቅ ሰው ይጥላል። 30 ሲደርስ መኪና ማንሳት ይጀምራል፤ ባጃጅማ ምኑ ነው።

ዳገት ሥር ለሚኖሩትም ልናገር። በ2016 ሐምሌ 15 ገዜ ጎፋ ላይ መሬት ተንዶ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ብዙዎቹ የተቀበረ ሊያወጡ ዶማና አካፋ ይዘው የደረሱ ሰዎች ነበሩ። ሁለተኛው ናዳ እነሱን አገኛቸው። ከቤታችሁ በላይ አዲስ ስንጥቅ ካያችሁ፣ ምሰሶ ካዘመመ፣ ጭቃ የቀላቀለ ውሃ ካልነበረበት ቦታ ከፈለቀ፣ ውጡ። ለመርዳት ስትሄዱም ሁሉም አይግባ፤ አንድ ሰው ዳገቱን እያየ ይጠብቅ።

እኛ እድር ውስጥ ያደረግነው ይህ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ስልክ አይሠራም፣ ጥሩንባ ግን ይሠራል። ለቀብር የሚነፋው እንዳለ ሆኖ፣ ለአደጋ አጭር አጭር፣ ደጋግሞ እንዲነፋ ተስማማን። መዝገቡ ላይም ያለ ረዳት የማይወጡ ሰዎችን ቤት ምልክት አደረግን። እናትሽን አስመዝግቢ። ተከራይ ነኝ ብለሽ አትቅሪ።

መልስ (ከአዘዞ)

መታወቂያ፣ የልጆች የልደት ካርድ፣ የክትባት ካርድ በፌስታል ጠቅልሉ። ፎቶ አንስታችሁ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩ። 907ን፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስን፣ ወረቀት ላይ ጻፉ። በሶና ዳቦ ቆሎ ማብሰል አይፈልጉም።

ምላሽ (እናት ከቀሃ ዳር)

ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ። አከራያችን አልተከራከሩም፤ እሳቸውም ያን ሌሊት ካወቁ በኋላ ደንግጠው ነበር። ቁልፉን ትናንት አስቀረጽኩ። ማታ መብራቱን አጥፍቼ ትልቋን ልጄን «ክፈቺ» አልኳት። መጀመሪያ ምስማሩን አጣችው። ዝቅ አድርጌ መታሁላት። በሁለተኛው ቁልፉን አውርዳ፣ ግቢውን በዳበሳ አቋርጣ በሩን ከፈተች። የጎረቤቴ ልጅ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይመጣል፤ እናቴን በወንበር እንለማመዳለን።