በሚሮጥ ባቡር ላይ ደብዳቤ ይለዩ ስለነበሩት ሰዎች የሚያውቅ አለ?

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ የሰባት ዓመት ልጄን ይዤ ዋሽንግተን ዩኒየን ስቴሽን አጠገብ ያለው የፖስታ ሙዚየም ሄድኩ። እሷ ከኦውኒ ጋር ቀረች፤ ከፖስተኞቹ ጋር በባቡር ይዞር ከነበረው ውሻ። እኔን ግን የፖስታው ፉርጎ ያዘኝ። ግድግዳው ሁሉ ትንንሽ ሳጥን ነው። ባቡሩ እየተወዛወዘ እንዴት ነው ቆሞ ደብዳቤ የሚለየው? ባቡሩ በማይቆምባቸው ከተሞችስ? አባቴ ድሬዳዋ ባቡር ላይ ሠርቷል፤ ፉርጎ ሳይ ሆዴ ይባባል።

መልስ 1፦ ከሜሪላንድ

እህቴ፣ እኔም ብዙ ዓመት በሌሊት ፈረቃ ደብዳቤ ለይቻለሁ። እኛ ጋ አድራሻውን የሚያነበው ማሽን ነው። የባቡሩ ፖስተኞች ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ከተሞችን፣ የትኛው በየትኛው መስመር እንደሚሄድ ጭምር፣ በቃላቸው ይይዙ ነበር። ፈተናው ከመቶ 97 ይጠይቃል። ቤታቸው የመለማመጃ ሳጥን አላቸው፤ የከተማ ስም የተጻፈበትን ካርድ እየወረወሩ ማታ ማታ ያጠናሉ። ልክ እንደ ዳዊት መድገም። ሲሠሩ ደግሞ ወገባቸው ላይ ሽጉጥ አለ፤ ገንዘብም ይጫን ነበርና።

ባቡሩ በማይቆምበት ከተማ፣ ከረጢቱ ሐዲዱ ዳር ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል። ሠራተኛው በሩ ላይ ያለውን የብረት ክንድ ያነሳል፤ ክንዱ ከረጢቱን መንጭቆ ይወስዳል። በዚያው ቅጽበት ለከተማው የመጣውን ከረጢት በእግሩ ገፍቶ ያወርዳል። አርቆ ካልጣለው ነፋሱ ጎማው ሥር ይስበዋል፤ ደብዳቤው ሁሉ ይበጣጠሳል። በሌሊትስ? በዚህ ሥራ የኖሩ አንድ ሽማግሌ እንደነገሩኝ በጆሮ ነበር። ድልድይ ላይ ድምፁ ይቀየራል፤ ኩርባ ላይ ፉርጎው ያዘነብላል፤ ያኔ እጃቸው ክንዱ ላይ ነው።

እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1930 ከ10,000 በላይ ባቡሮች ፖስታ ይጭኑ ነበር። በ1965 የቀሩት 190 ናቸው። የመጨረሻው የመለያ ፉርጎ ከኒውዮርክ ወደ ዋሽንግተን የተነሳው ጁን 30 ቀን 1977 ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ አሮጌ የፖስታ ፉርጎ በማደስ እረዳለሁ። ፉርጎዎቹ ከፖስታ ሥራ ሲወጡ የብዙዎቹ ሳጥን ተነቅሎ የሐዲድ ሠራተኞች ዕቃ ማስቀመጫ ሆነዋል። የኛም እንደዚያ ነበር። ጣሪያው ያፈሳል፤ ዝገቱ አያልቅም። ሰው ግን ቀለም ሲቀባ ነው የሚደሰተው። እኔ ስለ ቀለሙ ግድ የለኝም። ሳጥኖቹ ተመልሰው ካልገቡ፣ የከተሞቹ ስም በየቦታው ካልተለጠፈ፣ ያዳንነው ቆርቆሮ ነው። እስካሁን አንዱን ግድግዳ ጨርሰናል።

መልስ 2፦ ከሌስተር

ጋሼ ልክ ነዎት። እዚህ እንግሊዝ በ1838 ሲጀመር ከፈረስ ማጓጓዣ በተቀየረ ፉርጎ ነበር፣ በበርሚንግሃምና በሊቨርፑል መካከል። ከረጢቱን በሩጫ መቀበል በ1971 ቀረ። መለየቱ ደግሞ በጃንዋሪ 2004። ላፍቦሮ ያለው የግሬት ሴንትራል ባቡር ግን ዛሬም በልዩ ቀናት ከረጢቱን በመረብ ሲይዙ ያሳያል። ልጆቼን ወስጄ ነበር። ከረጢቱ ሲገባ "ዷ!" ይላል፣ ደረትህ ውስጥ ነው የምትሰማው። መስታወት ውስጥ አስቀምጦ ከማየት ይሄ በስንት ጣዕሙ!

ከጠያቂዋ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ካርድ ቆርጬ ጎንደር፣ ደሴ፣ ድሬዳዋ ብዬ ጻፍኩላት። በጫማ ካርቶን ውስጥ ስትወረውር አመሸች። አንድ ቅዳሜ ይዣት ብመጣ ይቻላል?

ከሜሪላንድ

ኑ እንጂ! የሚቆሽሽ ልብስ ልበሱ። ፉርጎው ጎን ላይ መንገደኛ ደብዳቤ የሚያስገባበት ቀዳዳ አለ፣ አሁንም ይከፈታል። አንድ ደብዳቤ ጽፋ ትምጣ፤ እኔ ከውስጥ ሆኜ እቀበላታለሁ።