ሽሪምፔ እንቁላል ይዛለች፤ ጫጩቶቹን ከዓሣዎቹ እንዴት ላትርፋቸው?

ጥያቄ (ከዋሽንግተን ዲሲ)
ሰላም ለሁላችሁ። 75 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም (የዓሣ ማኖሪያ የመስታወት ገንዳ) አለኝ። ኒዮን ቴትራና ጋፒ የሚባሉ ትናንሽ ዓሣዎች፣ እንዲሁም ቀያይ ቼሪ ሽሪምፖች (ባለብዙ እግር ትናንሽ የውኃ እንስሳት) አብረው ይኖራሉ። አሁን አንዷ ሽሪምፕ ሆዷ ሥር እንቁላል ይዛለች። ከዚህ በፊትም ይዛ ነበር፤ እንቁላሉ ሲጠፋ ግን አንድም ጫጩት አላየሁም። ልጆቼ ዓሣዎቹን በጣም ስለሚወዷቸው ለሰው መስጠት አልፈልግም። ጫጩቶቹ እዚያው እንዲያድጉ ምን ላድርግ?

መልስ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)
እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ቼሪ ሽሪምፕ እንቁላሏን ከ3 እስከ 4 ሳምንት ያህል ትይዛለች። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ቁመታቸው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አፉ ውስጥ የሚገባለትን ትቶ የሚያልፍ ዓሣ ደግሞ እምብዛም የለም። ኒዮኑም ጋፒውም ይበሏቸዋል።

ስለዚህ ትልቁ ነገር መደበቂያ ነው። ጃቫ ሞስ የሚባለውን ውኃ ውስጥ የሚያድግ ለምለም ተክል ግዢ። ቁንጥር ታህል አይደለም፤ አንዱን ጥግ ጥቅጥቅ አድርጎ የሚሞላ መሆን አለበት። ዓሣ ሰንጥቆ ከገባበት አልጠቀመሽም። ሌላም ጥቅም አለው። ሞሱ ላይ ዓይን የማያየው የረቂቅ ነፍሳት ስስ ሽፋን ይበቅላል፤ የጫጩቶቹ የመጀመሪያ ምግብ እሱ ነው። ምግብ ፍለጋ ወደ ገላጣው መውጣት አይኖርባቸውም።

መልስ (ከአትላንታ)
ጥፋቱን ሁሉ በዓሣዎቹ ላይ አታድርጊ። የፊልተሩ (የውኃ ማጣሪያው) መሳቢያ ቱቦ ክፍት ከሆነ ጫጩቶቹን መጥጦ ይወስዳቸዋል። አፉን በስፖንጅ ሸፍኚው።

ጠያቂዋ
ፊልተሩ ከጀርባ የሚንጠለጠለው ዓይነት ነው፤ ቱቦውም ክፍት ነው! ያለኝ ተክል የፕላስቲክ ብቻ ነው። ውኃ ስቀይር ደግሞ ባልዲ ውስጥ አሳድሬ ነው የምጨምረው። ይበቃል?

መልስ (ከአትላንታ)
ለዲሲ ውኃ አይበቃም። ማሳደር የሚያወጣው ክሎሪንን ነው። እናንተ ጋ ግን ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ውኃው የሚታከመው በክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ ተዋህደው በሚሰጡት ኬሚካል) ነው፤ እሱ በማሳደር አይለቅም። ክሎራሚንን እንደሚያጠፋ የተጻፈበት የውኃ ማከሚያ ጠብታ ተጠቀሚ። በአንዴ ብዙ አትቀይሪ፤ በሳምንት 10 ወይም 15 በመቶ ይበቃል። ዓሣ ቢታመምብሽም መድኃኒቱ ውስጥ መዳብ አለመኖሩን አይተሽ ግዢ። መዳብ ሽሪምፕን ይገድላል።

መልስ (ከስቶክሆልም)
ሁሉም እንዲተርፉ ከፈለግሽ ግን መፍትሔው ዓሣ የሌለበት ሌላ አኳሪየም ነው። 20 ሊትርና ስፖንጅ ፊልተር ይበቃል። ሞስ ውስጥም ቢሆን የተወሰኑት መበላታቸው አይቀርም።

መልስ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)
እውነት ነው። ግን አዲስ አኳሪየም ውኃው ለሽሪምፕ ተስማሚ እስኪሆን ሳምንታት ይወስዳል፤ እናቲቱን አሁን ማዛወሩ የባሰ ያሰጋል። ስትደነግጥ እንቁላሏን ልትጥል ትችላለች። ቼሪ ሽሪምፕ ደጋግማ ስለምትወልድ ከየዙሩ ጥቂት ቢተርፉም መንጋው ይበዛል። እኔ ብሆን በሞሱ እጀምራለሁ። እሷም ባለችበት ትቆይ።

ጠያቂዋ
ስፖንጁን ዛሬውኑ አስራለሁ፤ ሞሱንም አዝዣለሁ። ጫጩቶቹን መቼ ነው የማያቸው?

መልስ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)
በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም ባታዪ አትደንግጪ፤ ከሞሱ አይወጡም። ላጽዳው ብለሽም አታውጪው። ዓሣዎቹን በደንብ መግቢያቸው፤ የተረፈው ምግብ ግን ውኃውን እንዳያበላሽ ቶሎ አንሺ። ቁመታቸው 1 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ኒዮኖቹ ይተዋቸዋል፤ ያኔ እንደልባቸው ሲወጡ ታያቸዋለሽ።