ገላን ያለ የመጋዘን ሰርቨር፦ ለሦስት ሰዎች የአድሚን ሥልጣን እንዴት ልስጥ?

ገላን_ኔትዎርክ፦
ሰላም ለቤቱ። ገላን ባለው መጋዘናችን ኡቡንቱ 22.04 የተጫነበት አንድ ሰርቨር አለ። የዕቃ መዝገብ ፕሮግራሙም፣ ዳታቤዙም (ማሪያዲቢ) እሱ ላይ ናቸው። ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው አካውንት) ሆኜ የምገባው እኔ ብቻ ነኝ፤ የምውለው ግን መሀል ከተማ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፕሮግራሙ ሳይነሳ ይቀራል፤ የቃሊቲ መንገድ ከተዘጋ ደግሞ እስክደርስ ግማሽ ቀን ዕቃ አይወጣም። አሁን ሥልጣን የሚፈልጉ ሦስት ሰዎች አሉ፦ ፕሮግራሙን የምታስነሳ የንብረት ክፍል ኃላፊ፣ ባክአፕ የሚወስድ የሂሳብ ክፍል ሠራተኛ፣ ማሻሻያ የሚጭን የሻጩ ድርጅት ባለሙያ። ሦስቱንም ሱዶ (ትዕዛዝን በሩት ሥልጣን ማስኬጃ) ግሩፕ ውስጥ ላስገባቸው? ወይስ ሌላ መላ አለ?

ጥቁር_ተርሚናል፦
ሦስቱንም ካስገባህ ሦስት ሩት ፈጠርክ ማለት ነው። በኡቡንቱ የዚያ ግሩፕ አባል የሆነ ሰው ማንኛውንም ትዕዛዝ በራሱ ፓስወርድ ያስኬዳል፤ ገደብ የሚባል ነገር የለውም። ሰው በሰው ሥራቸውን ለያይተህ እይ።

የባክአፑ ቀላል ነው፤ ሱዶ ጭራሽ አያስፈልገውም። ማሪያዲቢ ውስጥ ሴሌክትና ሎክ ቴብልስ (የማንበብና ሠንጠረዥ የመቆለፍ ፈቃድ) ብቻ ያለው ተጠቃሚ ክፈትለትና በዚያ ደምፕ (የዳታቤዙን ቅጂ) ያውጣ። ፕሮግራሙ ቪው ወይም ትሪገር ካለው ሾው ቪውና ትሪገር ትጨምራለህ።

የንብረት ክፍሏ የሚያስፈልጋት አንዲት ትዕዛዝ ናት። /ኢቲሲ/ሱዶርስ.ዲ (የሱዶ ደንቦች ያሉበት) ፎልደር ውስጥ «ስቶር» የሚባል ፋይል በቪሱዶ (የደንቦቹ ማረሚያ) ሰረዝ ኤፍ ክፈት። በስሙ ውስጥ ነጥብ እንዳታስገባ፤ «ስቶር.ኮንፍ» ብትለው ሱዶ ምንም ሳይናገር ይዘለዋል፣ አንተም ለምን እንደማይሠራ ስትፈልግ ትውላለህ። የምትጽፈው መስመር ይህ ነው (ስቶር የእሷ የተጠቃሚ ስም፣ ሲስተምሲቲኤል ሰርቪስ ማስነሻው ትዕዛዝ፣ ስቶክ.ሰርቪስ የዕቃ መዝገቡ ፕሮግራም ነው እንበል)፦

ስቶር ኦል=(ሩት) /ዩኤስአር/ቢን/ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ስቶክ.ሰርቪስ

ሙሉ መንገዱን ጻፍ፤ ከትዕዛዙ ቀጥሎ ያለውንም አትተው። «ሲስተምሲቲኤል» ብለህ ብቻ ከተውከው ሱዶ «በፈለገችው አይነት» ብሎ ነው የሚረዳው። ያኔ ሲስተምሲቲኤል ኤዲት በሩት ስም ኤዲተር ይከፍትላታል፤ ከኤዲተር ውስጥ ሼል (ማንኛውንም ትዕዛዝ መጻፊያ) ማውጣት ደግሞ የሁለት ሰከንድ ሥራ ነው። ኮከብ ምልክትም አትጠቀም። በሱዶርስ ውስጥ ከትዕዛዝ ቀጥሎ ያለ ኮከብ ክፍት ቦታንም ስለሚጨምር «ሪስታርት ስቶክ*» ያልከው «ሪስታርት ስቶክ ማሪያዲቢ ኤስኤስኤች»ንም ያሳልፋል።

«ሁሉም ይፈቀድ፣ ይህ ግን ይከልከል» ብሎ በቃለ አጋኖ መከልከልም ዋጋ የለውም። የተከለከለውን ፋይል በሌላ ስም ገልብጦ ማስኬድ ይቻላል።

ስክሪፕት ከምትፈቅድላት ቀጥታ ትዕዛዙ ይሻላል። የግድ ስክሪፕት ከሆነ ፋይሉም፣ የተቀመጠበት ፎልደርም የሩት ይሁኑ። ፎልደሩ የእሷ ከሆነ ፋይሉን ባትነካውም ስሙን ቀይራ በቦታው ሌላ ማስቀመጥ ትችላለች።

ስትጨርስ ሱዶ ሰረዝ ትንሿ ኤል፣ ሰረዝ ትልቁ ዩ፣ ስቶር ብለህ የተፈቀደላትን ዝርዝር አይተህ አረጋግጥ። እስክትፈትሸው ድረስ ሌላ የሩት መስኮት ክፍት ይኑር።

መብራት_መጣ፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ ነገር ግን በሽታው ሌላ ቦታ ይመስለኛል። ሰርቪሱ በራሱ ቢነሳ ኃላፊዋ ምንም ሥልጣን አያስፈልጋትም።

መብራት ድንገት ሲሄድ ማሪያዲቢ ሲነሳ መጀመሪያ ያልተጠናቀቁ ጽሑፎቹን ይጠግናል፤ ይህ ጊዜ ይወስዳል። ፕሮግራሙ ቀድሞ ተነስቶ ዳታቤዝ ሲያጣ ይወድቃል። ሲስተምዲ (ሰርቪሶችን የሚያስነሳው የሲስተሙ ክፍል) ደግሞ ካልነገርከው በቀር የሚያስነሳው በ100 ሚሊሰከንድ ልዩነት ነው፤ በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ከሞከረ በኋላ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ስታተሱ ላይ «ስታርት ሊሚት ሂት» የሚል ካየህ ነገሩ ይኸው ነው።

ሲስተምሲቲኤል ኤዲት ስቶክ ብለህ ዩኒት ክፍል ሥር አፍተር=ማሪያዲቢ.ሰርቪስ፣ ሰርቪስ ክፍል ሥር ሪስታርት=ኦን-ፌይለር እና ሪስታርትሴክ=15 ጨምር። በ15 ሰከንድ ልዩነት ሲሞክር ያ የ5 ጊዜ ገደብ መቼም አይሞላም። ሰርቪሱ ኢኔብል መደረጉን (ማሽኑ ሲበራ አብሮ እንዲነሳ መታዘዙን) አረጋግጥ፤ ባዮስ ውስጥም መብራት ሲመጣ ማሽኑ በራሱ እንዲበራ አድርግ። የሱዶ መስመሩን ለክፉ ቀን ተወው።

ገላን_ኔትዎርክ፦
እግዜር ይስጥልኝ፤ ስታርት ሊሚት ሂት በትክክል ይላል! ሁለት ነገር ቀረኝ። ኃላፊዋ ፓስወርድ ስለሚጠፋባት ያለ ፓስወርድ ብፈቅድላትስ? የሻጩ ሰው ደግሞ «ሙሉ ሩት ካልሆነ አልሠራም፣ ቢያንስ ዶከር ግሩፕ ውስጥ አስገባኝ» ይላል (ዶከር ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል ለብቻ በተከለለ ቦታ ማስኬጃ ነው)።

ጥቁር_ተርሚናል፦
ለዚያች አንዲት መስመር ኖፓስወድ ብታደርግ ችግር የለውም። ክፍት የቀረ ኮምፒውተሯ ጋ የተቀመጠ ሰው ቢበዛ ፕሮግራሙን ያስነሳው ይሆናል። ለ«ኦል» (ለሁሉም ትዕዛዝ) ግን በፍጹም! በስሟ የሚሮጥ ማንኛውም ፕሮግራም ሳይጠይቅ ሩት ይሆናል።

የዶከሩ ጨዋታ «ቢያንስ» አይደለም። የዚያ ግሩፕ አባል የሰርቨሩን ሙሉ ዲስክ ኮንቴይነር ውስጥ አያይዞ እንደ ሩት ይጽፍበታል፤ በሱዶ ሎግ ላይ ደግሞ ዱካው አይታይም። ከዚያ በግልጽ ሱዶ መስጠት ይሻላል። ኤልኤክስዲ (ሌላ የኮንቴይነር ማስኬጃ) ግሩፕም እንደዚሁ ነው።

ሰበታ_አድሚን፦
ስለ ሻጩ ሰው ልጨምር። ሙሉ ሩት የግድ ከሆነ ቀን ቆርጠህ ስጠው፤ ሱዶርስ ራሱ ማብቂያ ይቀበላል፦

ሻጭ ኦል=(ሩት) ኖትአፍተር=20260408150000ዜድ ኦል

ሱዶ ግሩፕ ውስጥ ግን አታስገባው፤ ከገባ ይህ መስመር ቢያበቃም በግሩፑ ይቀጥላል። ዜድ ማለት ሰዓቱ በግሪንዊች ነው፤ እኛ 3 ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ 150000 የተጻፈው እዚህ ማታ 12 ሰዓት ነው። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ውሉ ላይ «መጋቢት 30 ቀን 2018» ካለ የምትጽፈው 20260408 ነው። 2018 ብለህ ከጻፍክ መስመሩ ገና ሳይሠራ ያለፈበት ይሆናል፤ ሰውየው በጠዋት መጥቶ «አልገባም አለኝ» ሲል ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው።

ቀኑ ማለፉ ብቻ አያስወጣውም። ቀድሞ ሱዶ ሰረዝ አይ ብሎ የከፈተው ሼል ካለ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ሲጨርስ የስሙን ሂደቶች ግደል፣ ቀጥሎ ቼጅ ሰረዝ ትልቁ ኢ 0 ብለህ አካውንቱን ዝጋ። ዩዘርሞድ ሰረዝ ትልቁ ኤል የሚቆልፈው ፓስወርዱን ብቻ ነው፤ በኤስኤስኤች (ከርቀት መግቢያ) ቁልፍ የሚገባ ሰው እንደወትሮው ይገባል። ሩት የነበረ ሰው ኋላ በር ትቶ ሊሄድ ስለሚችል የሩት ኦተራይዝድ ኪስ (የተፈቀዱ ቁልፎች) ፋይልን፣ ሱዶርስ.ዲን፣ ክሮንን (በቀጠሮ የሚሮጡ ሥራዎችን)፣ የሲስተምዲ ታይመሮችን እና ፓስወድ ፋይል ላይ ቁጥራቸው 0 የሆኑ ተጠቃሚዎችን እይ። ከ«ሩት» በስተቀር 0 ያለው መኖር የለበትም።

ሎጉንም እዚያው ማሽን ላይ ብቻ አትተው፤ ሩት የሆነ ሰው ኦውዝ.ሎግን (የመግቢያና የሱዶ መዝገቡን) በአንድ መስመር ያጠፋዋል። በአርሲስሎግ (ሎግ መዝጋቢና አስተላላፊ ፕሮግራም) ወደ አንድ አሮጌ ፒሲ ላከው፤ ፒሲው ላይ ግን ለሻጩ ሰው መግቢያ አይኑረው።

ገላን_ኔትዎርክ፦
ሎጉ ላይ የንብረት ክፍል ኃላፊዋ 05:10 ሱዶ ተጠቀመች ይላል፤ በዚያ ሰዓት ግን መጋዘኑ ዝግ ነው። ሰው ገብቶ ይሆን?

ሰበታ_አድሚን፦
ሰርቨሩ ሲጫን ሰዓቱ ዩቲሲ (የግሪንዊች ሰዓት) ሆኖ ቀርቶ ይሆናል። ያኔ 05:10 ማለት እዚህ 08:10፣ ማለትም ከጠዋቱ 2:10 ነው፤ ሥራ መግቢያ ላይ። ታይምዴትሲቲኤል ብለህ ዞኑን እይ፤ ዩቲሲ ካለ በሴት-ታይምዞን አፍሪካ/አዲስ_አበባ ቀይረው፣ አርሲስሎግንና ክሮንንም አስነሳቸው፤ ካልሆነ እስከሚቀጥለው ሪቡት በድሮው ሰዓት ይቀጥላሉ። ኖትአፍተሩ ዜድ ስላለበት አይነካም።